ዴል ጁዛር፦ ከፊልም መሪ ተዋናይነት ወደ ጥብቅና (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ኢንዶኔዥያ የብሔራዊ ፊልሟን ልደት የምትቆጥረው በ1950 መቀረጽ ከጀመረ አንድ ፊልም ተነሥታ ነው። የዚያ ፊልም መሪ ተዋናይ የነበሩት ዴል ጁዛር ግን ስማቸው በፊልም ዓለም ከታወቀ በኋላ እዚያው አልቀሩም፤ ጠበቃ ሆኑ። ስለ እሳቸው፣ ስለ ፊልሙና ስለገቡበት የሕግ ሙያ ዘወትር የሚነሡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዴል ጁዛር ማን ናቸው?

ዴል ጁዛር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኢንዶኔዥያ ፊልሞች ላይ የታዩና ኋላ ወደ ጥብቅና የገቡ ሰው ናቸው። ስማቸው በአገሪቱ የፊልም ታሪክ ውስጥ ሳይጠፋ የቆየው ከሁሉ በላይ በአንድ ገጸ ባሕርይ ምክንያት ነው፤ ይኸውም «ዳራህ ዳን ዶአ» ማለትም «ደምና ጸሎት» በተሰኘው ፊልም የተጫወቱት ሻምበል ሱዳርቶ ነው። ፊልሙ «ሎንግ ማርች» በሚል ስምም ይታወቃል። ዳይሬክተሩ ኡስማር ኢስማኢል፣ የታሪኩ ጸሐፊ ገጣሚው ሲቶር ሲቱሞራንግ፣ የካሜራ ባለሙያው ማክስ ቴራ ነበሩ።

የዴል ጁዛር የፊልም ሕይወት አጭር ነበር። አጭር መሆኑን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን ከእነሱ ጋር አልስማማም። በዚያ ዘመን ፊልም የሠሩት ወጣቶች አብዛኞቹ ፊልምን የዕድሜ ልክ መተዳደሪያ አድርገው አልያዙትም፤ ገና ሉዓላዊነቷን የተረከበች አገር በየመስኩ ሰው ስትፈልግ ከተሰማሩባቸው ሥራዎች አንዱ ነበር።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

ታሪኩን ለመረዳት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በጃንዋሪ 1948 ሬንቪል በተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ላይ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የኢንዶኔዥያ ሪፐብሊክ ወታደሮች ሆላንዶች ይዘውት የነበረውን ምዕራብ ጃቫን ለቀው ወደ መካከለኛው ጃቫ እንዲዛወሩ ተገደዱ። ከእነዚህ መካከል የምዕራብ ጃቫው ሲሊዋንጊ ክፍለ ጦር ይገኝበታል። በሴፕቴምበር 1948 በማዲዩን ከተማ ኮሚኒስቶች በሪፐብሊኩ ላይ ሲነሡ አመፁን እንዲያፍን የተላከው ይኸው ክፍለ ጦር ነበር። ዲሴምበር 19 ቀን 1948 ደግሞ ሆላንዶች የሪፐብሊኩን ዋና ከተማ ዮግያካርታን በድንገት ሲይዙ የሲሊዋንጊ ወታደሮች ወደ ምዕራብ ጃቫ በእግራቸው እንዲመለሱ ታዘዙ። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው አብረዋቸው ተጓዙ። ከበላያቸው የሆላንድ አውሮፕላን፣ ከፊታቸው ተራራና ወንዝ፣ ከጎናቸው ደግሞ የእስልምና መንግሥት እናቋቁማለን ብለው የተነሡት የዳሩል ኢስላም ታጣቂዎች ነበሩ።

ፊልሙ ይህን ጉዞ የሚከተለው በአንድ የጦር መኮንን ዓይን ነው። ሻምበል ሱዳርቶ ዮግያካርታ ውስጥ ሚስት አለችው፤ ሆኖም አንዲት ጀርመናዊት ወጣት ትወደዋለች፣ እሱም ይወዳታል፤ በጉዞው ላይ ደግሞ ለአንዲት ነርስ ልቡ ይደነግጣል። ትእዛዝ መስጠት ሲኖርበት ያመነታል፣ ከወታደሮቹ ፊት ሲቆም ጥርጣሬው ፊቱ ላይ ይነበባል። በአንድ መንደር ተርበው የደረሱትን ወታደሮች የመንደሩ ሰዎች በመስተንግዶ ይቀበሏቸውና ከዚያ ይከዷቸዋል። ሱዳርቶ ለጠላት ምርኮኛ ይሆናል። ሉዓላዊነቱ ዲሴምበር 27 ቀን 1949 ለኢንዶኔዥያ ተላልፎ ሰላም ከወረደ በኋላም ዕረፍት አያገኝም፤ በጉዞው ወቅት በጭፍራው ውስጥ ለተፈጸሙ ጥፋቶች ምርመራ ይከፈትበታል። በመጨረሻም በማዲዩን ጊዜ ቤተሰቡን ባጣ ሰው ጥይት ይሞታል።

የፊልሙን መጨረሻ ልብ ብሎ ላየው፣ ሱዳርቶን ሁለት ዓይነት ፍርድ ያገኘዋል። አንደኛው ጠረጴዛ፣ ወረቀትና ጥያቄ ያለበት የምርመራ ሥርዓት ነው፤ ቀዝቃዛ ቢሆንም ለተጠያቂው የመናገሪያ ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው ከሳሹ ራሱ ዳኛም ገዳይም የሆነበት በቀል ነው። ዳይሬክተሩ የትኛው ትክክል እንደሆነ አይነግረንም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይተወናል። ይህን ሚና የተጫወተው ሰው ቀሪ የሥራ ዘመኑን ለሌሎች በመከራከር ማሳለፉ ተዋናዩ ያቀደው ነገር አይደለም፤ ፊልሙን ዛሬ የሚያይ ሰው ግን ሁለቱን ሳያያይዝ ማለፍ ይከብደዋል።

ዳይሬክተሩ ዝነኛ ተዋናይ ትተው አዲስ ሰው ለምን መረጡ?

አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነበር። ኡስማር ኢስማኢል ፐርፊኒ የተባለውን የፊልም ኩባንያ በ1950 ሲመሠርቱ የያዙት መነሻ ገንዘብ ወደ 30,000 ሩፒያ ብቻ ነበር፤ ፊልሙ ግን ሲጠናቀቅ ወደ 350,000 ሩፒያ ፈጅቷል። ልዩነቱ የተሸፈነው በዋናነት ቶንግ ኪም ሚው በተባሉ የሲኒማ ቤት ነጋዴ ብድር ነው። በእንዲህ ያለ ኪስ ታዋቂ ተዋናይ መቅጠር የሚታሰብ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል ባይ ነኝ። ኡስማር ከዚህ ቀደም በ1949 ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ ሁለት ፊልም ሠርተው ነበር፤ እጃቸው ታስሮ ስለሠሯቸው ግን እንደ ራሳቸው ሥራ አይቆጥሯቸውም ነበር። የቀድሞው የኢንዶኔዥያ ፊልም ተዋንያኑን በብዛት ያመጣው ከተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድኖች ሲሆን፣ እነዚህ ተዋንያን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዜማ ቀላቅለው መጫወት የለመዱ ነበሩ። ኡስማር የፈለጉት ከዚህ ተቃራኒውን ነው፦ ከጦርነቱ በቅርብ የወጣ፣ የሚናገረውን ነገር የኖረበት የሚመስል ፊት። ስለዚህ አዳዲስ ሰዎችን ፈልገው ሰበሰቡ፤ በርካቶቹም ከተማረው ወጣት ወገን ነበሩ። ዴል ጁዛርም በዚህ መንገድ ከካሜራ ፊት ቆሙ።

ውጤቱ በፊልሙ ላይ በግልጽ ይታያል። አንዳንድ ትዕይንቶች ይንቀራፈፋሉ፣ የድምፁ ጥራትም የዘመኑን መሣሪያ ድክመት አይደብቅም። ቢሆንም ሱዳርቶ ዝም የሚልባቸው ቦታዎች ጥሩ ናቸው፤ ልምድ ያለው የመድረክ ተዋናይ እንዲህ ያለውን ዝምታ በአንድ ነገር ሳይሞላው አያልፍም ነበር።

ቀረጻው መቼና የት ተጀመረ?

ማርች 30 ቀን 1950 ምዕራብ ጃቫ ውስጥ በምትገኘው ሱባንግ ተጀመረ። ቀኑ ኋላ ላይ የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ የፊልም ቀን ሆኖ መከበር ጀመረ፤ በመንግሥት ደረጃ የጸናውም ፕሬዚዳንት ሀቢቢ በ1999 ባወጡት ውሳኔ ነው። አገሪቱ ውስጥ ከ1926 ጀምሮ ፊልም ይሠራ ስለነበር ይህኛው «የመጀመሪያው ፊልም» ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ልዩ የሚያደርገው በኢንዶኔዥያዊ ባለቤትነት፣ በኢንዶኔዥያዊ ዳይሬክተርና ከአገሪቱ የራሷ ትግል በተቀዳ ታሪክ መሠራቱ ነው።

ፊልሙ ለሕዝብ ሲቀርብ ምን ገጠመው?

ሽሙጥም ምስጋናም አገኘ። ፊልሙ በቤተ መንግሥት ለፕሬዚዳንት ሱካርኖ የመታየት ዕድል ቢያገኝም፣ አንዳንድ የጦር መኮንኖች ግን የሲሊዋንጊ ሻምበል እንዲህ አመንቺና በሴት ጉዳይ የሚታማ ሆኖ መቅረቡ አላስደሰታቸውም፤ የሠራዊቱን ክብር ይነካል አሉ። ማዲዩንን የሚመለከተው ክፍልም የፖለቲካ ቁስል ነካ። በአንዳንድ አካባቢዎች እንዳይታይ ተከለከለ፣ ሳንሱርም ቆራረጠው። ገቢውም ወጪውን የሚያካክስ አልሆነም።

ሠራዊቱ ቅር ያለው በዚያ ብቻ አይመስለኝም። ያ ትውልድ ገና ሬሳውን ቀብሮ አልጨረሰም ነበር፤ በዚያ ሰዓት ስለ ነጻነት ትግል የሚሠራ ፊልም ጀግና እንዲያሳይ ይጠበቅበታል። ኡስማር ደግሞ ራሳቸው በሠራዊቱ ውስጥ ሻለቃ የነበሩ፣ በጋዜጠኝነት ሲሠሩም በሆላንዶች የታሰሩ ሰው ናቸው፤ ጦርነትን ከመጽሐፍ አላነበቡትም። እሳቸው ሊያሳዩ የፈለጉት አብዮቱ ጎርፍ ሆኖ የወሰደውን ሰው እንጂ ሐውልት አልነበረም። የዚህ ምርጫ ክብደት ያረፈው ከማንም በላይ በመሪ ተዋናዩ ትከሻ ላይ ነው፤ ተመልካቹ የሚያውቀው የዳይሬክተሩን ሐሳብ ሳይሆን የተዋናዩን ፊት ነውና።

ከዚህ ሌላ ፊልም ሠርተዋል?

አዎን። በ1951 ፐርፊኒ በሠራውና ያው ኡስማር ኢስማኢል ባዘጋጁት «ኧናም ጃም ዲ ጆግጃ» ማለትም «ስድስት ሰዓት በዮግያ» ላይ ከነኤዲ ሞዋርድ ጋር ተጫውተዋል። ፊልሙ የሚተርከው የሪፐብሊኩ ደፈጣ ተዋጊዎች ማርች 1 ቀን 1949 በሆላንዶች ተይዛ የነበረችውን ዮግያካርታን በማለዳ አጥቅተው ለስድስት ሰዓት ያህል በእጃቸው ያደረጉበትን ዘመቻ ነው። ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ለሠራዊቱ የተመቸ ነበር፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

በዚያ ዘመን በፊልም ትወና መኖር ይቻል ነበር?

ለጥቂቶች እንጂ ለብዙዎች አይቻልም ነበር። የ1950ዎቹ የጃካርታ ሲኒማ ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃዎቹ በአሜሪካ ፊልም፣ ዝቅ ያሉት በህንድና በማላያ ፊልም የተያዙ ነበሩ፤ የአገር ውስጡ ፊልም በመካከል ተጨንቆ የሚኖር ነበር። ኡስማርና ፐርሳሪ የተባለው የፊልም ኩባንያ ባለቤት ጃማሉዲን ማሊክ በ1955 የኢንዶኔዥያን የፊልም ፌስቲቫል ሲጀምሩ ተስፋ ታይቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ግን በማርች 1957 የፊልም አምራቾች ማኅበር መንግሥት ከውጭ የሚገባውን ፊልም አላስታገሠልንም ብሎ ስቱዲዮዎቹን በተቃውሞ ዘጋ። ስቱዲዮ ሲዘጋ ደመወዝ የለም። ተዋናዩም፣ መብራት ያዡም፣ ሜካፕ ሠሪዋም እኩል ቤታቸው ገቡ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ጁዛር ፊልምን የተዉት በችግር ነው?» ሊል ይችላል። እንዲህ ብሎ መደምደም ነገሩን ገልብጦ ማየት ይሆናል። የተማረ ወጣት እጅግ ጥቂት በነበረበት አገር ሕግ ለማጥናት የበቃ ሰው ቀሪ ዕድሜውን በትወና እንዲያሳልፍ የሚጠብቅ አልነበረም፤ ያስገርም የነበረው ጭራሽ በትወናው ቢቀር ነው።

ሕግ መማር በዚያ ጊዜ ምን ዓይነት ነገር ነበር?

በባታቪያ (በዛሬዋ ጃካርታ) የመጀመሪያው የሕግ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የተከፈተው በኦክቶበር 1924 ነው። ከዚያ በፊት ሙሉ የሕግ ዲግሪ የሚፈልግ ኢንዶኔዥያዊ ወደ ሆላንድ፣ በተለይም ወደ ላይደን መሻገር ነበረበት። ትምህርቱ በሆላንድኛ ሲሆን ተመራቂው ከስሙ በፊት «ሚስተር» የሚል የሕግ ማዕረግ ያገኛል፤ ኋላ ላይ «ሳርጃና ሁኩም» በሚለው የኢንዶኔዥያ ማዕረግ ተተክቷል። በ1942 ጃፓኖች አገሪቱን ሲይዙ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ተማሪው ብዕሩን ጥሎ ጠመንጃ ያዘ ወይም ወደ ዮግያካርታ ተሰደደ። ጋጃ ማዳ ዩኒቨርሲቲ በዮግያካርታ የተመሠረተው በዲሴምበር 1949 ሲሆን ጃካርታ ላይ ደግሞ የኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ በ1950 ሥራ ጀመረ። «ዳራህ ዳን ዶአ» በተቀረጸበት ዓመት የሕግ ትምህርት ዳግም የሚጀመርበት ዓመት ነበር ማለት ነው።

የሕግ መጻሕፍቱ ግን ያው የሆላንዶቹ ናቸው። የፍትሐ ብሔሩም፣ የወንጀሉም፣ የንግዱም ሕግ ከቅኝ ግዛት የተወረሰ ስለነበር ሆላንድኛ የማያነብ የሕግ ተማሪ ከግማሽ በላይ መንገዱ ይዘጋበታል። ነጻነት የተዋጋው ትውልድ የተዋጋቸውን ሰዎች ሕግ በቋንቋቸው እያጠና ለሪፐብሊኩ ጠበቃና ዳኛ ሆነ።

ጠበቃ ሆነው የገቡበት የሕግ ዓለም ምን ይመስል ነበር?

ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ጁዛርና የዕድሜ እኩዮቻቸው ጥብቅና የሠሩባቸው ዓመታት የኢንዶኔዥያ ፍርድ ቤት እጅግ የተፈተነባቸው ናቸውና።

ቅኝ ገዢዎቹ ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት ነበራቸው፤ አንዱ ለአውሮፓውያን፣ ሌላው ለአገሬው ተወላጅ። የአውሮፓውያኑ የተሟላ የጠበቃ መብት የሚከበርበት ሲሆን፣ በሌላኛው ግን ተከሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጠበቃ ይቀርባል። በ1951 የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ቁጥር 1 ሁለቱን አዋሕዶ ለሁሉም አንድ ፍርድ ቤት አደረገ። ይሁንና የተመረጠው ሥነ ሥርዓት ኤች አይ አር በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው፣ ቀድሞ ለተወላጁ ተብሎ የተዘጋጀው ነበር። በዚህ ሥርዓት ጠበቃ ደንበኛውን በሕግ መብት የሚያገኘው ጉዳዩ ችሎት ከደረሰ በኋላ ነው፤ በፖሊስ ምርመራ ወቅት አጠገቡ የመቀመጥ መብት የለውም። ይህን ከሥራው አንጻር እንየው፦ ደንበኛው ተይዟል፣ ቃሉን ሰጥቷል፣ ፈርሟል፤ ጠበቃው ፋይሉን ሲከፍት የሚያገኘው ያለቀ የእምነት ቃል ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቃሉ እንዴት እንደተሰጠ ዳኛውን ማሳመን ነው፤ ለዚህም ምስክሩ ራሱ ተከሳሹ ብቻ ነው። ተጠርጣሪው ከተያዘበት ጊዜ አንሥቶ ጠበቃ የማግኘት መብቱ በግልጽ የሰፈረው በ1981 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ ማለትም ከ30 ዓመት በኋላ።

የጠበቆቹ ቁጥርም አነስተኛ ነበር። በ1957 መጨረሻ ሆላንዶች ባልለቀቁት የኒው ጊኒ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል (ምዕራብ ኢሪያን) ይዞታ ምክንያት ከሆላንድ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲሻክርና የሆላንድ ኩባንያዎች ሲወረሱ የሆላንድ ጠበቆችም አገሩን ለቀው ሄዱ። ለኢንዶኔዥያውያኑ ቦታ ተከፈተላቸው፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ደንበኞችም አብረው ሄደው ነበር። በሌላ በኩል በየፍርድ ቤቱ ደጅ ፈቃድ የሌላቸው፣ ሕግ ሳይማሩ በልምድ ብቻ ጉዳይ የሚይዙና ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ሰዉ በርካሽ ስለሚያገኛቸውና ቋንቋውን ስለሚናገሩ ወደ እነሱ ያዘነብላል። ዲግሪ የያዙት ጠበቆች ይጠሏቸው ነበር፤ የድሃው ባለጉዳይ ብቸኛ አማራጭ ግን ብዙ ጊዜ እነሱ ነበሩ።

ከዚያ ፖለቲካው ገባ። ፕሬዚዳንት ሱካርኖ ከ1959 በኋላ «የሚመራ ዴሞክራሲ» ባሉት ሥርዓት ውስጥ የሥልጣን ክፍፍልን የምዕራባውያን ፈሊጥ ነው ብለው ተቃወሙት። በ1960 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የካቢኔ አባል ሆኑ። በዚያው ዓመት የፍትሕ ሚኒስትሩ ሳሃርጆ ዓይኗን የታሰረችውንና ሚዛን የያዘችውን ሴት ከፍትሕ ዓርማነት አንሥተው በዋርካ ዛፍ ተኳት፤ ፍትሕ ማለት ጥላ ሆኖ መከለል ነው በሚል። የ1964ቱ ሕግ ቁጥር 19 ደግሞ ለአብዮቱና ለአገር ጥቅም አስፈላጊ ሲሆን ፕሬዚዳንቱ በፍርድ ቤት ጉዳይ ጣልቃ ሊገባ እንደሚችል በአንቀጽ 19 ላይ በግልጽ ጻፈ። ጣልቃ ገብነት በየአገሩ አለ፤ በሕግ አንቀጽ መጻፉ ግን ብርቅ ነው። ሕጉ የተሻረው በ1970 ነው።

ጠበቆቹ በሙያ ማኅበር መሰባሰብ የጀመሩት በዚሁ ጭንቅ መካከል ነው። በማርች 1963 የተጀመረው ስብስብ በኦገስት 1964 ሶሎ ከተማ ላይ ባደረገው ጉባኤ «ፐራዲን» የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ከ1965ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራና እሱን ተከትሎ ከመጣው ደም መፋሰስ በኋላ ልዩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሲቋቋም ማንም ሊጠጋቸው ለማይደፍረው ተከሳሾች የቆሙት ከፐራዲን ጠበቆች መካከል ነበሩ፤ ያፕ ቲያም ሂየን በ1966 የቀድሞውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሱባንድሪዮን ተከራክረውላቸዋል። በ1970 ደግሞ አድናን ቡዩንግ ናሱቲዮን በፐራዲን ድጋፍ የጃካርታን የነጻ የሕግ ርዳታ ቢሮ መሠረቱ፤ የከተማዋ አገረ ገዢ አሊ ሳዲኪንም ደግፏቸዋል። በሌላ ወገን የ1967ቱ የውጭ ኢንቨስትመንት ሕግ የነዳጅ፣ የማዕድንና የባንክ ኩባንያዎችን ሲያመጣ ውል የሚያረቅ ጠበቃ ተፈላጊ ሆነ። ሙያው በሁለት ተከፈለ፦ ችሎት የሚቆሙትና ችሎት ሳይረግጡ በቢሮ የሚከብሩት።

ተዋናይነት ለጠበቃ ይጠቅማል?

ብዙ ሰው «መቼም ተዋናይ የነበረ ሰው ችሎት ላይ ያምርበታል» ይላል። በኢንዶኔዥያ ሁኔታ ይህ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። አገሪቱ የተከተለችው የሆላንዶችን፣ ማለትም የአህጉራዊውን አውሮፓ የሕግ ሥርዓት ስለሆነ ፍርድ የሚሰጡት ዳኞች እንጂ ከሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች አይደሉም። ምስክርን በዋናነት የሚጠይቀው የመሐል ዳኛው ነው። የፍትሐ ብሔር ክርክር ደግሞ አብዛኛው በጽሑፍ ልውውጥ ያልቃል፤ የክስ ማመልከቻ፣ መልስ፣ የመልስ መልስ፣ ማጠቃለያ። እንባ የሚያስነባ ንግግር እዚህ ቦታ የለውም። አንድ ቦታ ግን አለ፤ በወንጀል ጉዳይ ዐቃቤ ሕጉ የቅጣት ጥያቄውን ካቀረበ በኋላ ጠበቃው ተነሥቶ የሚያሰማው የመከላከያ ንግግር። ሱካርኖ ራሳቸው በ1930 ባንዱንግ ላይ ያሰሙት የመከላከያ ንግግር በመጽሐፍ ታትሞ የትግሉ ሰነድ ስለሆነ በኢንዶኔዥያ ይህ ንግግር ከፍ ያለ ክብር አለው።

ከፊልም ወደ ጥብቅና የሚሻገር ነገር ካለ ግን ለእኔ ሌላ ነው። ሱዳርቶን የተጫወተ ሰው የሚወቀሰውን ሰው ከውስጥ ሆኖ ማየት ነበረበት፤ ሳያጸድቀው፣ ሳይኮንነውም። የጠበቃ ሥራ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ከዚያው ፊልም ተዋንያን መካከል ሌላ ሙያ የያዘ አለ?

አለ፤ ይህም ጁዛር ብቻቸውን እንዳልነበሩ ያሳያል። በፊልሙ ላይ ከታዩት አዋሉዲን ጃሚን የፖሊስ ሳይንስ አጥንተው የሠራተኛ ሚኒስትር፣ በምዕራብ ጀርመን አምባሳደር፣ ከ1978 እስከ 1982 ደግሞ የአገሪቱ ፖሊስ አዛዥ ሆነዋል። ሌላው ሮሲሃን አንዋር ናቸው፤ ከኢንዶኔዥያ አንጋፋ ጋዜጠኞች አንዱ ሲሆኑ ከኡስማር ጋር ሚስቶቻቸው እህትማማቾች ነበሩ። ጠበቃ፣ የፖሊስ አዛዥና ጋዜጠኛ በአንድ ፊልም ላይ የተሰበሰቡበት አጋጣሚ ሌላ አገር ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም።

በተገላቢጦሽ የሄዱም አሉ። ሩሁት ሲቶምፑል መጀመሪያ ጠበቃ ነበሩ፤ ከዚያ በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ከሜዳን ከተማ የመጣ የነዳጅ ከበርቴ ሆነው ታወቁ፣ ኋላም የምክር ቤት አባል ሆኑ።

ዛሬ አንድ ኢንዶኔዥያዊ ተዋናይ ጠበቃ መሆን ቢፈልግ ምን ይጠበቅበታል?

መንገዱ በ2003 በወጣው የጠበቆች ሕግ ቁጥር 18 ተደንግጓል። የሕግ ዲግሪ ካገኘ በኋላ ልዩ የጥብቅና ሥልጠና ይወስዳል፣ በጠበቆች ማኅበር የሚሰጠውን ፈተና ያልፋል፣ በጥብቅና ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ ልምምድ ያደርጋል። ዕድሜው ከ25 ማነስ የለበትም፣ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አይችልም፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ተፈርዶበት መሆን የለበትም። በመጨረሻ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ችሎት ሲቀርብ ጥቁር ካባ ይለብሳል፤ ከአንገቱ ሥር ነጭ ሽንሽን ጨርቅ ይንጠለጠላል። ትወና በዝርዝሩ ውስጥ አልተከለከለም።

ፊልሙ ዛሬ አለ?

አለ። ምስጋናው በ1975 ጃካርታ ላይ በሚስባክ ዩሳ ቢራን አማካይነት ለተቋቋመው «ሲነማቴክ ኢንዶኔዥያ» ይገባል፤ የፊልም ጥቅልሎች በየመጋዘኑ በሙቀትና በእርጥበት ሲበሰብሱ ያገኘውን እየሰበሰበ ያቆየው ይህ ቤተ መዛግብት ነው። ተቋሙ የሚገኝበት በኩኒንጋን ሠፈር ያለው ሕንጻ በኡስማር ኢስማኢል ስም ተሰይሟል። ኡስማር በ1971 ገና በ49 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በኖቬምበር 2021 የብሔራዊ ጀግና ማዕረግ ተሰጣቸው። በየዓመቱ ማርች 30 የፊልም ቀን ሲከበር የ«ዳራህ ዳን ዶአ» ምስሎች በየመድረኩ ይታያሉ፤ ከምስሎቹ በብዙዎቹ ላይ ከወታደሮቹ ፊት የቆመው ቀጭን ሻምበል ዴል ጁዛር ናቸው።